የሟች ነጠላና ጋቢ በበዓል

ከሞተ ዘመድ የቀረን ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ጥበብ ቀሚስ ለበዓል ከሣጥን አውጥቶ መልበስ በደጋው ኢትዮጵያ በብዙ ቤት የሚታይ ልማድ ነው። አብዛኛው የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ ለማስታወሻ የሚቀረው አንድ ሁለት ነው። ሐዘንተኛ ቤት እስከ ሙት ዓመቱ በዓልን በወጉ ስለማያከብር፣ ልብሱ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጥቁሩ ከወለቀ በኋላ በሚመጣው እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ፋሲካ ነው። አለባበሱ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ የነጠላ ጥለት ወደ ላይ፣ አንገት አጠገብ ከሆነ ሐዘን ነው፤ ለበዓል ወደ ታች ይወርዳል። ሳያስተውሉ ቢያዞሩት ጎረቤት ሌላ መርዶ የመጣ ይመስለዋል።

ሳይታጠብ የተቀመጠ ልብስ ላይ ላቡና የቅቤው ፍንጣቂ እያደር ቢጫ ይሆናል፤ ብልም ከንጹሕ ጥጥ ይልቅ የቆሸሸውን ይመርጣል። ከታጠበ ደግሞ ጠረኑ ይሄዳል፤ «እናቴ እናቴ ይሸታል» እያሉ አናጥብም የሚሉት ለዚህ ነው። የሚያዋጣው የእናትን ሻሽ ብቻ ሳያጥቡ፣ በደንብ አድርቀው፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ማስቀመጥና የሚለበሰውን ማጠብ ነው።

ከማጠብ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ጀርባ ለአንድ ደቂቃ ይጫኑ። ቀለም ከነካው ጥለቱን አያርጥቡት። ካልነካው በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳያሹ፣ እየጫኑ ማጠብ ነው። በረኪና ክሩን ያሳሳል፣ አይሞከርም። ገመድ ላይ ከተሰቀለ ውኃው ከብዶ ሸማውን ይስባል፤ ንጹሕ አንሶላ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ይዘርጉት። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ እጅ በድርቡ መካከል አስገብቶ መዳሰስ ይሻላል። ሣጥን ውስጥ የሚሻግተው ባብዛኛው እዚህ ላይ ተቸኩሎ ነው።

ፌስታል እርጥበት ያፍናል፤ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል። ልብስ ማጠንከሪያው ስታርች ተባይ ይስባል። ዕጣን ማጠንም ካስፈለገ በበዓሉ ቀን፣ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ጭሱ ነጩን ያበልዘዋል። በየ6 ወሩ አውጥቶ እጥፋቱን ማዛወር ያስፈልጋል። ልብሱ በእጥፋቱ መስመር ቀጥ ብሎ ሲሰነጠቅ ብል በላው ይባላል፤ ብል ግን በመስመር አይበላም፣ እዚያ የተሰበረው ክሩ ነው።

ቀሚሱ ከሰፋ አይቆረጥም፤ ከውስጥ በሰፋፊ ስፌት ይጥበብ፣ ከበዓል በኋላ ይተረተራል። ቡና ከፈሰሰበት ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃና በነጭ ጨርቅ ይመጠጥ፤ ከታሸ ወደ ክሩ ይገባል። አንድ ጋቢ ለሁለት ወንድማማቾች ከሆነም አይቀደድም። የጠርዙ ስፌት በጥንቃቄ ከተተረተረ አራቱ ድርብ ለሁለት ይከፈላል፤ ሳሳ ቢልም ለሁለቱም ይደርሳል።