በግጥም ውስጥ «እኔ» ማን ነው?

ስለ እርጅና የተጻፈ ዘመናዊ ግጥም ሲነበብ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ይህ ገጣሚ ገና ወጣት ነው፤ ስለ ሽበት ምን ያውቃል?» ጥያቄው ገጣሚውንና ተናጋሪውን አንድ አድርጎ ያያል። ገጣሚው የጻፈው ሰው ነው። ተናጋሪው ግን በግጥሙ ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ነው። የ25 ዓመት ልጅ የ80 ዓመት አዛውንት ሆኖ ሊናገር ይችላል።

ለማሳያ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ደሴ ላይ የሚኖር ሽማግሌ እናናግር፦

ያኔ ስወጣበት አላልኩም ተራራ፣
ጦሳ መቼ አደገ ከኔ ዕድሜ ጋራ?

«እርጅና» የሚል ቃል የለም። ሰውየው ጉልበቴ ከዳኝ አይልም፤ ያደገው ተራራው ነው ይላል። ለእኔ የስንኙ ሐዘን ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ እውነቱን ከእሱ ቀድመን እናውቃለን።

አሁን መደቡን («እኔ»፣ «አንተ»፣ «እሱ» የሚለውን) እንቀይር። «ያኔ ስትወጣበት አላልክም ተራራ» ብንል ወይ ሌላ ሰው እየወቀሰው ነው፣ ወይ ራሱን እያናገረ ነው። «ያኔ ሲወጡበት አላሉም» ካልን ደግሞ ነገሩ ይጠላለፋል። ወሎ ውስጥ ትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ አያቱን በአክብሮት እያናገረ ሊሆን ይችላል። ግሡ ግን ለብዙ ሰዎችም ያው ነው። እንዲህ ሲያጋጥም ቀጥሎ ያለውን ስንኝ ማየት ነው፤ «ከርስዎ ዕድሜ» ካለ አያትየው ናቸው፣ «ከነሱ ዕድሜ» ካለ ብዙዎች ናቸው።