ሽጉጥን በግልጽ ታጥቆ መውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙዎቻችን ያደግነው በገጠሩ ጠመንጃ ማንገት የክብር ምልክት በሆነበት፣ በከተማው ደግሞ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ሲታይ «የመንግሥት ሰው ነው» በሚባልበት አገር ነው። ባለፈው ዓመት በአሜሪካ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ሸቀጥ ልገዛ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆመ አንድ ሽማግሌ ወተትና እንቁላል ይዞ፣ ቀኝ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቆ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ሌላ ሰልፍ ስትሄድ፣ ሒሳብ ተቀባይዋ ግን እንደማንኛውም ደንበኛ አስተናገደችው። ስለዚህ ጉዳይ በመካከላችን የሚነገረው ብዙው ስሕተት ስለሆነና ስሕተቱም ሰውን ለእስር ሊዳርግ ስለሚችል ይህን ጻፍሁ።

«አሜሪካ ውስጥ የትም ቦታ ታጥቆ መሄድ ይፈቀዳል።»

አይፈቀድም። በቨርጂኒያ ሕግ ያልከለከለው፣ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ሽጉጡን በግልጽ እስከያዘ ድረስ በአብዛኛው ፈቃድ አይጠየቅም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ሲገባ ግን በግልጽ መታጠቅ ክልክል ነው፤ በሜሪላንድም ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስ ወንጀል ነው። በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን እያደረ ዲሲ የሚሠራ ወገናችን ድልድዩን በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስበት፣ ጠዋት ሕጋዊ የነበረው ነገር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወንጀል ይሆንበታል። መሣሪያን ይዞ በሌላ ክፍለ ግዛት ማለፍን የሚፈቅደው የፌዴራል ሕግም ቢሆን የሚሠራው መነሻውም መድረሻውም መሣሪያውን ለመያዝ የሚፈቅዱ ሲሆኑ፣ ሽጉጡም ጥይት ሳይጎርስ ከእጅ ርቆ ሲቀመጥ ነው፤ ለሥራ ዲሲ ውሎ ለሚመለስ ሰው መከላከያ አይሆንም።

«ፈቃድ ስለማያስፈልግ የሚያሳስብ ነገር የለም።»

በብርድ ወራት ምን እንደሚሆን እንመልከት። ሰውየው ከቤቱ ሲወጣ ሽጉጡ ይታያል፤ ነፋሱ ሲበረታበት ካፖርቱን ይቆልፋል፣ የካፖርቱም ጫፍ ሽጉጡን ይሸፍነዋል። የተሸፈነ መሣሪያ በቨርጂኒያ ልዩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ይህን ባደረገባት ቅጽበት እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ለሚችል ክስ ራሱን ያጋልጣል። በመኪና ማቆሚያ ጭቅጭቅ መካከል ሽጉጡን መዝዞ ሰው ማስፈራራትም፣ ባይተኩስም እንኳ፣ ተመሳሳይ ቅጣት ያለው ሌላ ወንጀል ነው።

«ሕግ ከፈቀደልኝ ማንም ሊከለክለኝ አይችልም።»

ባለሱቅ፣ ባለምግብ ቤት ወይም ባለቤተ መንግሥትም ይሁን ባለጎጆ በገዛ ይዞታው መከልከል ይችላል። ዋልማርት በኤል ፓሶ መደብሩ ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ፣ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ.፣ ደንበኞቹ በግልጽ ታጥቀው እንዳይገቡ ጠይቋል፤ ኡበርም አሽከርካሪውንም ተሳፋሪውንም መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላል። ፖስታ ቤትም መሣሪያ ይዞ መግባት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች በሕንፃዎቻቸውና በመናፈሻዎቻቸው የመከልከል ሥልጣን አግኝተዋል፤ አሌክሳንድሪያ በዚያው ዓመት ተጠቅማበታለች።

«ፖሊስ የታጠቀ ሰው ባየ ቁጥር ያስቆማል።»

ቨርጂኒያንም የሚዳኘው የአራተኛው ሰርኪዩት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. በግልጽ መታጠቅ በተፈቀደበት ክፍለ ግዛት መታጠቁ ብቻውን ሰውን ለማስቆም በቂ ጥርጣሬ እንደማይሆን ወስኗል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ በሌላ ሕጋዊ ምክንያት እንዲቆም የተደረገ ሰው መታጠቁ ከተጠረጠረ ፖሊስ ሊፈትሸው እንደሚችል ወስኗል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። ፊላንዶ ካስቲል የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ነበረው፤ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ መኪናው እንዲቆም ሲደረግ መታጠቁን ራሱ ለፖሊሱ ተናግሮ እያለ በጥይት ተገደለ፤ ፖሊሱም በዓመቱ በነፃ ተሰናበተ። ልጆቻችን በዚህ አገር የሚታዩት በቆዳ ቀለማቸው ስለሆነ፣ ይህን ታሪክ ሳያውቁ ሽጉጥ እንዲታጠቁ አልፈልግም።

«የሚታይ ሽጉጥ ሌባን ያርቃል።»

ሊያርቅ ይችላል፤ ሽጉጡን ራሱን የሚፈልግ ሌባ ግን ከኋላ መጥቶ ይመነትፈዋል። ስለዚህ ነው የፖሊስ ሽጉጥ ማኅደር በቀላሉ እንዳይመዘዝ ማቆለፊያ የሚኖረው።

«ግሪን ካርድ ያለውም የሌለውም አንድ ነው።»

ይህ ከሁሉም ይብሳል። ቋሚ ነዋሪ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል፤ ሕጋዊ የመኖሪያ ሁኔታ የሌለው ሰው ግን አይችልም፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለውም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይችልም። ቋሚ ነዋሪም ቢሆን በመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ከላይ የጠቀስሁት የካፖርት ጉዳይም እዚህ ሊያደርሰው ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ጥፋተኛነቱን ማመኑ የሚያስከትለውን የመባረር አደጋ እንዲነግረው ግዴታ ጥሎበታል፤ እንዲህ ያለ ክስ የቀረበበት ወገናችን ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ይህንኑ ጠበቃውን ይጠይቀው።