በአንድ ፊርማ አይደለም!

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ሊንከን ሐውልት ጋ ስንደርስ ያችኑ ነገር ይደግማታል፦ «በአንድ ፊርማ ባሪያዎችን ነፃ ያወጣው ሰውዬ!» ድሮ ዝም እል ነበር። አሁን ቆጣሪው እየሮጠም ቢሆን እከራከራለሁ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863፣ በሰሜንና በደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት መሃል፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ያወጣው የነፃነት አዋጅ ያመፁትን የደቡብ ግዛቶች እንጂ ከሰሜኑ ጋር የቆዩትን አይነካም። ኬንታኪና ደላዌር ውስጥ ባርነት ሕጋዊ እንደሆነ ቀጠለ። ያበቃው በዲሴምበር 1865፣ 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጸድቅ ነው። ያኔ ሊንከን ከተገደለ ስምንተኛ ወሩን ይዟል።

ደግሞስ ነፃ መውጣቱን ማን ጀመረው? ሜይ 1861፣ ጦርነቱ ገና ወር ከምናምኑ ነው። የደቡቡ ጦር የመድፍ ምሽግ የሚያሠራቸው ሦስት ባሪያዎች፣ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሴንድ፣ በሌሊት ጀልባ ቀዝፈው ቨርጂኒያ ያለው የሰሜኑ ጦር ሰፈር ፎርት ሞንሮ ገቡ። በጌታቸው ስም መልእክተኛ መጣ፦ ሕግ ያስገድዳችኋል፣ መልሱ። አዛዡ ጄኔራል በትለር ጠበቃ ነበር። ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ወጥቻለሁ ካለች የአሜሪካ ሕግ ምን ያደርግላታል? ለጠላት ጦር የሚሠሩ ስለሆኑ «ኮንትሮባንድ»፣ ማለት በጦርነት የሚወረስ የጠላት ንብረት፣ ናቸው ብሎ አስቀራቸው። አዎ፣ እኛ ለልባሽ ጨርቅ የምንለው ኮንትሮባንድ። ቃሉ ያሳፍራል፣ በሩ ግን ተከፈተ። ወሬውን የሰማ ቤተሰቡን እየያዘ ይጎርፍ ጀመር። ኦገስት ላይ ኮንግረስ ሕግ አወጣለት። አዋጁ ገና ከዓመት በላይ ይቀረዋል!

የአጎቴ ልጅ አላምን ስላለኝ ሦስት ሰዓት ነድቼ እዚያው ወሰድኩት። የነዳጅ አልከፈለም፣ ግን ዝም አለ።

«የፀረ ባርነት ታጋዮቹ ነጭ ሰባኪዎች ነበሩ» የሚለኝም አለ። ሃሪየት ተብማን ራሷ ከባርነት ያመለጠች ናት። ጁን 1863 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ከሰሜኑ የጦር ጀልባዎች ጋር ኮምባሂ ወንዝን ወጥታ ከ700 በላይ ሰው ከባርነት አውጥታ ይዛ ተመለሰች።

«ሴቶቹ ፋሻ ይጠቀልሉ ነበር።» የሴቶች መብት ታጋዮቹ ኤልዛቤት ስታንተንና ሱዛን አንተኒ የመሩት የሴቶች ማኅበር ባርነት በሕገ መንግሥት እንዲታገድ 400,000 ያህል ፊርማ ሰብስቧል።

«ዳግላስና ሊንከን ወዳጆች ነበሩ።» መጀመሪያ የተገናኙት ከባርነት ያመለጠው የፀረ ባርነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ ስለ ጥቁር ወታደሮች አቤቱታ ይዞ ሲሄድ ነው። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲያገኝ ጥቁሩ እጁ ላይ የሚደርሰው 7 ነበር።

እዚህ ዲሲ ያላችሁ ደግሞ፣ ኤፕሪል 16 የከተማው መሥሪያ ቤት ለምን እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ? በ1862 በዚያ ቀን የከተማዋ ባርነት ቆመ። ካሳም ተከፈለ። ለጌታው፣ በነፍስ ወከፍ እስከ 300 ዶላር። ነፃ ለወጣው ደግሞ እስከ 100፣ አገር ለቆ ከሄደ።