ቢትሬት ምንድን ነው? ካሜራችሁ ስልክ ላይ ለምን ይንቀረፈፋል?

ጅማ ውስጥ አሁን አሁን ሱቁም መጋዘኑም ግቢውም ካሜራ እየተገጠመለት ነው፣ ሰው ሲገዛ የሚጠይቀው ግን ስንት ሜጋፒክስል ነው ብቻ ነው፣ ከዛ መርካቶ ያለውን ሱቁን ጅሬን ቤቱ ሆኖ በስልኩ ሲከፍተው ምስሉ ይዞራል ይዞራል ይቆማል፣ በር ላይ የነበረ ሰውዬ በአንዴ ባንኮኒው ጋ ብቅ ይላል። ካሜራውም ኔትወርኩም ይሰደባል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሲገጠም ማንም ያልነካው አንድ ቁጥር ነው፣ እሱም ቢትሬት።

ቢትሬት ማለት ካሜራው በየሰከንዱ የሚልከው የዳታ መጠን ነው። ሜጋፒክስል የምስሉን ስፋት ነው የሚነግራችሁ፣ ለዛ ስፋት ምን ያህል ዳታ እንደተመደበ የሚወስነው ቢትሬት ነው። 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ገዝታችሁ 512 ኪሎቢት (ግማሽ ሜጋቢት) ላይ ካሰራችሁት ሰው ሲንቀሳቀስ ፊቱ ተበጣጥሶ ነው የሚታየው፣ ገንዘባችሁ በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

ሂሳቡን አብረን እንስራው ምክንያቱም ብዙ ሰው ቢትና ባይት ይምታታበታል። 8 ቢት 1 ባይት ነው። ካሜራው 4 ሜጋቢት ላይ ከሆነ በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት፣ በሰዓት 1.8 ጊጋ፣ በቀን 43 ጊጋ ገደማ ይበላል። 8 ካሜራ ያለው የቡና መጋዘን በቀን 345 ጊጋ ስለሚሆን 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ 6 ቀን እንኳን አያስኬድም፣ ጆንያ ጎደለ ተብሎ ከሳምንት በኋላ ሲፈለግ ቀረጻው በላዩ ተቀድቶበታል። 2 ሜጋቢት ብታረጉት 11 ቀን ያስኬዳል። በስልክ ዳታም ያው ነው፣ በ4 ሜጋቢት እያያችሁ 1 ጊጋ ፓኬጅ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል።

እዚጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከካሜራው ወደ ኤንቪአሩ (ቀረጻውን ወደሚያስቀምጠው ሳጥን) የሚሄደው በግቢው ኬብል ስለሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋም መቅዳቱ አይቆምም። ከቤት ሆናችሁ ስታዩ ነው ኢንተርኔት የሚፈለገው፣ እሱም ዳውንሎዱ ሳይሆን የሱቁ አፕሎድ፣ ምክንያቱም ካሜራው ላኪ ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ አፕሎዱን ለኩ። 3 ሜጋቢት አፕሎድ ባለበት 4 ሜጋቢት ምስል አያልፍም፣ በቃ።

መፍትሄው እዛው ካሜራው ውስጥ አለ። አብዛኞቹ ሁለት ምስል ባንዴ ያወጣሉ፣ ሜይን ስትሪም ለቀረጻ፣ ሰብ ስትሪም ለስልክ። ሜይኑን 2 ወይም 3 ሜጋቢት በሰከንድ 15 ፍሬም (ምስል)፣ ሰቡን 640 በ360 ፒክስል አርጋችሁ 512 ኪሎቢት ወይም ከዛ በታች አስቀምጡት፣ አፑ ላይም ዝቅተኛውን ጥራት ምረጡ። 512 በሰዓት 230 ሜጋ ገደማ ነው የሚወስደው። ኤች 265 የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ካለው ደሞ እሱን ምረጡ፣ ከቀድሞው ኤች 264 ጋር ሲነጻጸር ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ አካባቢ ዳታ ይበቃዋል፣ አሮጌ ስልክ ላይ ግን እምቢ ሊል ይችላል።

የጅማ ሰው በተለይ ሊያስብበት የሚገባው ዝናቡን ነው። ካሜራ ዳታ የሚቆጥበው ያልተንቀሳቀሰውን የምስሉን ክፍል ደግሞ ባለመላክ ነው። ማታ ኢንፍራሬዱ (ለዓይን የማይታየው የካሜራው የማታ መብራት) ሲበራ ሌንሱ አጠገብ የሚወርደው ጠብታ ሁሉ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ አጥሩ ስር ያለው እንሰትም በንፋስ ይወዛወዛል፣ ለካሜራው ይሄ ሁሉ አዲስ እንቅስቃሴ ነው። ቢትሬቱ ቫሪያብል (እንደ እንቅስቃሴው ከፍ ዝቅ የሚል) ሆኖ ጣሪያው በጣም ከፍ ካለ ሽቅብ ይወጣና ቀን ደህና የነበረው ምስል ማታ ይቆራረጣል። ኮንስታንት (ሁሌ አንድ አይነት) ካረጋችሁት ደሞ ምንም በማይንቀሳቀስበት ሰዓትም ያንኑ ያህል ይበላል። እኔ የምመርጠው ቫሪያብል ሆኖ ማክስ ቢትሬቱ አፕሎዳችሁንና ዲስካችሁን አይታችሁ የተገደበ ነው። ሌንሱ ላይ ያደራ ሸረሪት ድርም ይጠረግ፣ እሱም ማታ እያበራ ይወዛወዛል።

ቁጥሩን ሂክቪዥን ላይ ቪዲዮ ኦዲዮ የሚለው ውስጥ፣ ዳሁዋ ላይ ኢንኮድ የሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ 4096 ተብሎ ከተጻፈ 4 ሜጋቢት ማለት ነው። ከቀየራችሁ በኋላ አንድ ሰው ማታ በበሩ እንዲያልፍ አርጉና ቀጥታውን ሳይሆን ቀረጻውን መልሳችሁ እዩ። ፊቱ ከለየላችሁ ቁጥሩን አትጨምሩ፣ ካለየላችሁ በ512 በ512 እያረጋችሁ ጨምሩ።