ጠቅላይ ሚኒስትር መባልን የጠላው የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር

ለንደን ውስጥ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ በሆነው በዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ጥቁር በር ላይ ደብዳቤ ማስገቢያ አለ። ናሱ ላይ የተቀረጸው ግን «ጠቅላይ ሚኒስትር» አይልም። የግምጃ ቤቱ ቀዳሚ ሹም የሚል የቆየ ማዕረግ ነው። ሮበርት ዋልፖልም በይፋ የያዘው ማዕረግ ይኸው ነበር። ዛሬ የብሪታንያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው እሱ ነው። በዘመኑ ግን ስሙ ስድብ ነበር፤ የንጉሡን ሥልጣን ለብቻው ጠቅልሎ የያዘ ሰው ማለት ነበርና። ዋልፖልም እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም ብሎ በምክር ቤት ተከራክሯል።

የተወለደው በ1676 እ.ኤ.አ. ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ ኖርፎክ ውስጥ ባለ ርስት ነበሩ። በ1701 ፓርላማ ገባ፤ ወገኑም ዊግ የሚባለው የፖለቲካ ቡድን ነበር። በ1712 ተቀናቃኞቹ ቶሪዎች በሙስና ከሰሱት። ከምክር ቤት ተባረረ፤ ለንደን ግንብ ውስጥም ለወራት ታሰረ። ለዊጎች ግን የተበደለ ሰው ሆኖ ወጣ። ጆርጅ አንደኛ በ1714 ሲነግሥ ዊጎች ተመለሱ፤ እሱም ከፍ ከፍ አለ።

ትልቁን በር የከፈተለት የሌሎች ውድቀት ነው። የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን በ1720 መጀመሪያ 130 ፓውንድ አይሞላም ነበር። በበጋው 1,000 ገደማ ደረሰ። ከዚያ ተንኮታኮተ፤ ስንቱ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። የገንዘብ ሚኒስትሩ አይዝላቢ ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ ታሰረ። ሌሎች ሹማምንትም ሞቱ ወይም ሥልጣን ለቀቁ። ዋልፖል ኤፕሪል 1721 ግምጃ ቤቱን ተረከበ። ገበያውን አረጋጋ፤ ቤተ መንግሥቱንም ከምርመራ ሸፈነ። ለዚህ «መጋረጃ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። እንደ እኔ ስሙ ይገባዋል፤ ብዙ ጥፋተኛ ሳይጠየቅ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ከምናምን ቆየ። እስከ ዛሬ ይህን ያህል የቆየ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የለም። ምስጢሩ ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው ሹመትና ጡረታ የሚያድለው እሱ መሆኑ ነው፤ ብዙ እንደራሴዎች እጁን ያዩ ነበር። ሁለተኛው፣ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ፣ ከታችኛው ምክር ቤት አልወጣም ማለቱ ነው። በ1723 ወደ ላይኛው ምክር ቤት የሚያስገባ የመኳንንት ማዕረግ ሲቀርብለት ለልጁ አሰጠው። ገንዘብ የሚፈቀደው እዚያ ስለሆነ ከዚያ ወንበር መራቅ አልፈለገም።

ጆርጅ ሁለተኛ በ1727 ሲነግሥ ሊያነሳው አስቦ ነበር። ንግሥት ካሮላይን ግን ደገፈችው። እሱም ለቤተ መንግሥቱ ዳጎስ ያለ በጀት ከፓርላማ አስፈቀደና ነገሩ በዚያው አለቀ። በ1734 አውሮፓ በፖላንድ ዙፋን ጉዳይ ሲዋጋ አገሩን ከጦርነቱ አስቀረ። በዚያ ዓመት አውሮፓ ውስጥ 50,000 ሰው አልቋል፣ ከዚያ ውስጥ አንድም እንግሊዛዊ የለም ብሎ ለንግሥቲቱ ነገራት።

ያልተሳካለትም አለ። በ1733 በወይንና በትምባሆ ላይ ኤክሳይስ ሊጥል ነበር፤ ዓላማው ኮንትሮባንድን ማዳከም ነው። ሕዝቡ ግን ቀረጥ ሰብሳቢ ቤቴን ሊበረብር ነው ብሎ አደባባይ ወጣ። በምክር ቤት የነበረው ብልጫ እየሳሳ ሲሄድ ሐሳቡን ተወው። መሸነፍ ሲመጣ አስቀድሞ ማየት ይችል ነበር።

በ1737 ካሮላይን ሞተች። በ1739 ሳይወድ ከስፔን ጋር ጦርነት ገባ፤ ጦርነቱም አልቀናውም። ከ1741 ምርጫ በኋላ ብልጫው ተሟጠጠ፤ ፌብሩዋሪ 1742 ለቀቀ። ያኔ ነው ኧርል የሚባለውን የመኳንንት ማዕረግ ይዞ፣ የኦርፎርድ ኧርል ተብሎ ላይኛው ምክር ቤት የገባው። ዋና ተቃዋሚው ፑልትኒም በዚያው ዓመት ኧርል ሆነ። እዚያ ሲገናኙ ዋልፖል፣ አሁን እኔና አንተ እንግሊዝ ውስጥ ከማንም ያነስን ሁለት ሰዎች ነን አለው ይባላል።