የደረጃው ሃንድሬል ሲነቃነቅ ምስማር? ኧረ ተዉ!

አናጢ ነኝ፣ የምሄድበት ቤት ሁሉ የእንጨት ደረጃው ሃንድሬል ተነቃንቆ ባለቤቱ በምስማር ቀጥቅጦት ነው የሚጠብቀኝ። ባለፈው አንዱ "ትንሽ ነው የሚወዛወዘው ወንድሜ፣ ሁለት ምስማር ብትመታበት ይበቃዋል" ብሎ ጠራኝ። መደገፊያውን ከያዙት ቋሚ እንጨቶች አንዷ ላይ ብቻ ሰባት ምስማር ቆጠርኩ፣ ሰባት! ከታች ጀምሮ ግማሿ ድረስ ተሰንጥቃለች።

ስሙኝማ፣ እንጨት በበጋ ይኮማተራል በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ይሄ ዓመት በዓመት ሲመላለስ ቋሚዋ እንጨት የተሰካችበት ቀዳዳ ውስጥ ያለው ኮላ ይለቃል። የለቀቀው ኮላው ነው! ምስማር ምን ሊያደርግ ነው የሚገባው? ሰው በተደገፈ ቁጥር ራሱ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል፣ ጫፍ ላይ ከተመታማ ይሰነጥቀዋል።

እንጨቷን ንቀሏት፣ አሮጌውን ኮላ ከጫፏም ከቀዳዳውም በመሮና በብርጭቆ ወረቀት ጥሬው እንጨት እስኪታይ ፋቁ፣ አዲስ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚበላሸው። ቀዳዳው ከሰፋ ስስ የእንጨት ልጣጭ በኮላ ጫፏ ላይ ለጥፉ። ከዛ ነጩን የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ በሞርሳ (በማጥበቂያ) አጥብቁ፣ ሞርሳ የሌለው በገመድ ጠምዝዞ ይሰር፣ የፈሰሰውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። 24 ሰዓት ማንም እንዳይደገፈው፣ ልጆች ካሉ ከላይም ከታችም ገመድ ወጥሩ። የግድ ቪቴ (ጥርስ ያለው፣ እየዞረ የሚገባ ምስማር) ካስፈለገ መጀመሪያ ከቪቴው በቀጠነ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ብሱ።

"ስንጥቁን ስቱኮ ሞልቼ ቀለም እቀባዋለሁ" የሚለው ደግሞ አለ። ስቱኮ ለምስማር ቀዳዳና ለጭረት ነው፣ ክብደት አይችልም። ስንጥቁ ውስጥ ኮላ አስገብታችሁ እሰሩት።

አሮጌ ቨርኒሽ ላይ ሳይፍቁ መደረብ፦ ይላጣል፣ በቃ።

እንጨቱ ሥር ሁሌ ደቃቅ ዱቄት እየወደቀ "አቧራ ነው" የምትሉ፣ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ነቀዝ ገብቶበታል።

"አንዷ ቋሚ እንጨት ብትጎድል ምን አለበት?" የሕፃን ጭንቅላት ሊያልፍ ይችላላ! በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ።

ያ ሰውዬ ታዲያ፣ ሰባቱን ምስማር እንጨቷን ሳልሰብር ለመንቀል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ሂሳብ ስነግረው "ለአንዲት እንጨት?" ብሎኝ አረፈ።