«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»

ይህን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ትርጉሙ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ንጉሥ ከሕግ በላይ ነው ለማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልክ ነው፤ ግን ቃላቱ ላይ ትንሽ ቆም ብንል ሌላም ነገር እናገኛለን።

«አይታረስ» እና «አይከሰስ» መጨረሻቸው ላይ «ም» የላቸውም። ስለዚህ በሁለት መንገድ ይሰማሉ። አንዱ «አይቻልም» ነው። ሌላው «እንዳይሞከር!» የሚል ክልከላ ነው። ሰማይን እንዳታርስ የሚከለክልህ የለም፤ ሞፈርህ አይደርስማ። ንጉሥን መክሰስ ግን ሰው የከለከለው ነገር ነው። አባባሉ ሁለቱን በአንድ ቤት ይገጥምና ክልከላውን የተፈጥሮ ሕግ ያስመስለዋል። ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሐሳቡ ከድሮው የዳኝነት ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። በዙፋን ችሎት የመጨረሻው ዳኛ ራሱ ንጉሡ ነበር። ታዲያ እሱን የሚከስ ሰው ለማን አቤት ይበል? ነገሩ በአባባል ብቻም አልቀረም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 62፣ ንጉሠ ነገሥቱን የመክሰስ መብት ለማንም እንደሌለ ደንግጓል። ያውም ልማድን ጠቅሶ። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን መንግሥትን መክሰስ ተፈቅዷል። ንጉሡና መንግሥቱ የተለያዩት እንዲህ ነው።

ንጉሡ የሌላ አገር ሲሆንስ? እዚህ ላይ ምክንያቱ ይለወጣል። የአውሮፓ ሕግ አዋቂዎች «እኩያ በእኩያው ላይ አይፈርድም» ይላሉ። የታወቀው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1812 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ነው። ሁለት አሜሪካውያን «ኤክስቼንጅ» የተባለች መርከባችንን የናፖሊዮን ሰዎች ነጠቁን ብለው ከሰሱ። መርከቧ የፈረንሳይ የጦር መርከብ ሆና ፊላዴልፊያ ወደብ ገብታ ነበር። ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ግን በሌላ ሉዓላዊ መንግሥት የጦር መርከብ ላይ ሥልጣን የለንም አሉ። ባለቤቶቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

መንግሥታት ነጋዴ ሲሆኑ ይህ አላዋጣም። ስንዴ ገዝቶ፣ ቦንድ ሸጦ፣ ከዚያ «እኔ ንጉሥ ነኝ» ማለት ለሻጩና ለአበዳሪው ግፍ ነው። አሜሪካ በ1976፣ እንግሊዝ በ1978 ባወጧቸው ሕጎች የውጭ መንግሥት በንግድ ሥራው እንዲከሰስ ፈቀዱ። ያለመከሰስ መብቱ ግን መነሻ ሆኖ ቀረ። ከሳሽ በር የሚከፍትለትን ልዩ ሁኔታ ማሳየት አለበት።

ከዚያ መጥሪያው አለ። ጎረቤትህን እንደምትከስ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ሌላ መንገድ ከሌለ የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት መጥሪያውን በፖስታ ለተከሳሹ አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ይልካል። ተከሳሹ ለመመለስ 60 ቀን አለው። ተከሳሹ ሳይቀርብ ቢቀርም እንኳ ከሳሽ ማስረጃውን ዳኛውን በሚያሳምን መጠን ካላቀረበ አይፈረድለትም።

ይህ ተራ ወግ አጥባቂነት የሚመስለው የደረሰበትን ያላየ ነው። በ2000 የመን ላይ «ኮል» በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ጥቃት ደረሰ። የቆሰሉ መርከበኞች «ጥቃቱን ያደረሰውን አልቃይዳን ደግፋለች» ብለው ሱዳንን ከሰው ከ314 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደላቸው። መጥሪያው የተላከው ዋሽንግተን ወዳለው የሱዳን ኤምባሲ ነበር። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚኒስትሩ ወዳሉበት፣ ወደ ካርቱም መላክ ነበረበት ብሎ ፍርዱን ሻረው። ለቆሰለ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያቅትም። የሕጉም ሐሳብ ግን ይገባኛል፤ ኤምባሲ የክስ ፖስታ ሳጥን እንዲሆን ማንም አገር አይፈልግም።

ፍርድ ማግኘትና ማስፈጸምም ለየቅል ናቸው። በ2012 ብድራቸው ያልተከፈላቸው አበዳሪዎች የአርጀንቲናን ባሕር ኃይል ማሰልጠኛ መርከብ «ሊበርታድን» ጋና ቴማ ወደብ ላይ በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስያዙ። አርጀንቲና በቦንድ ውሏ ላይ ያለመከሰስ መብቷን ትታ ነበር። የባሕር ሕግ ዓለም አቀፍ ችሎት ግን የጦር መርከብ ናትና ትለቀቅ ብሎ አዘዘ። ማርሻል ከፈረዱ ልክ 200 ዓመት ሆኖት ነበር። መርከቧ ጥር 2013 አገሯ ገባች። አበዳሪዎቹ ከአርጀንቲና ጋር የተስማሙት በ2016 ነው።